ደጀኔን መደብ አልባ ስላደረገው ባለማኅተም ወረቀት

… ኳሱ የቀለበቱን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ግራ ሲወድቅ፣ ደጀኔ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ከመውደቁ በፊት ቆሞ ነበር፤ እጁን እንኳ አልዘረጋም፣ ኳሱ ራሱ መጣለት፣ እኔም ከድንጋዩ ላይ ብድግ ብዬ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ብቻ ያን ቀን …

ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለሊቀመንበር የሚጻፍ ደብዳቤ በሰላምታ እንጂ በትዝታ እንደማይጀመር አውቃለሁ።

ለተከበሩ አቶ አበጀ፣ የንፋስ መውጫ የቅርጫት ኳስ ፋንታሲ ሊግ መሥራችና ሊቀመንበር፤ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ክቡ ማኅተምዎ ደኅና ናቸው? እኛን የጠየቁን እንደሆነ፣ ከነፋሱና ከደንብዎ በቀር የሚያስቸግረን የለም።

ይህን ሜዳው ላይ ተለጥፎ የሚያነቡ የጎረቤት ከተሞች፣ የአርብ ገበያና የእስቴ፣ ወገኖች ግራ እንዳይጋቡ በቅድሚያ ነገሩን ላስረዳ። እኛ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ኳስ አንጫወትም። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት በከተማችን ሜዳ ከሚጫወቱት እውነተኛ ተጫዋቾች አምስት አምስቱን በወረቀት ላይ እንመርጥና «ቡድኔ» እንላለን፤ የመረጥነው ሰው ሲያገባ ወይም የተመለሰ ኳስ ሲይዝ ነጥቡ ለእኛ ይጻፋል። ጻፊው ባለ ሱቁ መሕቡብ ነው፤ ከስኳር ኬሻው አጠገብ ለዚሁ የተለየ ደብተር አለው። ሁለት ዓመት እንዲህ ስንኖር ማንም ማንንም አልጎዳም።

ከዚያ እርስዎ፣ በመሥሪያ ቤትዎ የሠራተኞች ድልድል ሲሠሩ ያካበቱትን ልምድ ሳይሰስቱ ለጨዋታችን ለገሱን። ለዚህ ልግስናዎ ምስጋናዬ ቁጥር የለውም፤ ቅሬታዬ ግን ቁጥር አለውና እነሆ።

አንደኛ። አዲሱ የተጫዋቾች የቦታ ደንብዎ እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ መደብ ብቻ እንዲመደብ፣ ምደባውም ቁመት አርባ፣ የትምህርት ማስረጃ ሠላሳ፣ አገልግሎት ሃያ፣ ሥነ ምግባር ዐሥር ከመቶ ተይዞለት እንዲሠራ ያዛል። ከቅርጫቱ ሥር ለሚቆም ሰው ዲፕሎማ እንደሚያስፈልገው እስከዛሬ ሳናውቅ መኖራችን ያሳፍረናል። በዚሁ መሠረት ዋሴ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው፣ ቦታውን አገኘ። ዋሴ ጨዋ ልጅ ነው። ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ደንቡ ስለ ዓይን የሚለው ነገር የለም። ዋሴ በእርስዎ የወረቀት ቡድን ውስጥ መኖሩን ያነሣሁት ለመረጃ ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛ። ደጀኔ። ከመናኸሪያው በላይ ባለችው አንድ በር ቤት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ የእኔ ቡድን የመጀመሪያ ምርጫ። አጭር ነው፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቁሟል። ያለን አንድ ቀለበት አይሱዙ ከገጨው ወዲህ ወደ ግራ ማዘንበሉን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጉና በኩል መምጣቱን፣ በሁለቱም ምክንያት የሳተ ኳስ ሁሉ አንድ ቦታ እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ሄዶ እዚያ ይቆማል። ጥበቡ ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ሠንጠረዥዎ ግን ደምሮ ደማምሮ ከስሙ ፊት «መደብ አልባ፤ በቀጣዩ ዙር ይታያል» ብሎ ጻፈበት።

ሦስተኛ። ሦስተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ ራሴ ነበር።

አራተኛ። ወረቀቱ ማኅተም ባያርፍበት ኖሮ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። እርስዎ ግን ለሊጋችን ክብ ማኅተም አስቀረጹ፤ ሐምራዊውን ቀለም አሳረፉበት፤ በሜዳው ምሰሶ ላይ ለጠፉት። በአገራችን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ምን እንደሚሠራ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የደጀኔ ቡድን አሰልጣኝ፣ አገኘሁ የሚባለው፣ አነበበው፤ የጨዋታ ይሁን የእውነት ሳይጠይቅ የእውነቱን ቡድን በወረቀቱ መሠረት አሰለፈ። ሄጄ ነገሩ ፋንታሲ ነው ብዬ ባስረዳው፣ «መምህር፣ ማኅተም አለው እኮ፤ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለኝ። ደጀኔም ከምሰሶው ሥር ቆሞ ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ ስሙን ፈለገ፤ አገኘው። አልተከራከረም። «እንግዲህ መደብ የለኝማ» አለና የጫማውን ክር ፈታ። ሦስት እሑድ ሆነው። ኳሱ አሁንም እዚያው ይወድቃል። ማንም የለም።

አምስተኛ። ቅሬታ ያለው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቅርብ ባሉት መሠረት አቀረብኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢም እርስዎ ሆነው ስላገኘሁዎ ሌላ ሰው ከመተዋወቅ ድካም ድኛለሁ። መልሱ በዕለቱ ደረሰኝ፦ አመልካቹ ተጫዋቹ ራሱ ስላልሆነ ተቀባይነት የለውም። ተጫዋቹ እንዳያመለክት ደግሞ መደብ የሌለው ሰው ማመልከት አይችልም፤ አንቀጽ ሰባት። እንዲህ አድርጎ አጥር ያጠረ ሰው በጋይንት አላየሁም፤ የእኛ ገበሬ እንኳ ሲያጥር ለበሬው መግቢያ ይተዋል።

አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ ሳስተምር፣ በመካከሉ ራሴን እመዝናለሁ። ቁመት። ማስረጃ። አገልግሎት። ደምሬ ሳልጨርስ ተማሪዎቹ ሲያዩኝ አገኛቸዋለሁ። ሦስተኛው ቅሬታ ይህ ነበር፤ ይቅር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱን ይቅደዱ አልልም፤ የደከሙበት ነው። ከግርጌው «ይህ ለጨዋታ ብቻ የወጣ ነው» የምትል አንዲት መስመር ይጨምሩና ከነገ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት በፊት በዚያው ማኅተም ያትሙባት። አሰልጣኝ አገኘሁ ሌላ ቃል አይሰማም። ደጀኔም እንደዚያው።

የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ የሠንጠረዥዎ መስመር ሳይጣመም ረጅም ዘመን እንዲያስተዳድሩን እየተመኘሁ፣ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ሆኜ ወገቤን ሰብሬ እጅ እነሣለሁ።

ደሳለኝ፣ የጂኦግራፊ መምህር
የ«ጉና» ቡድን ባለቤት፣ ከአሥራ አንድ አሥራ አንደኛ

ግልባጭ፦
ለመሕቡብ ሱቅ
ለሜዳው ምሰሶ

ከፊርማ በኋላ፦ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነውና የሊቀመንበርነቱንም መደብ በመስፈርትዎ ልሞላልዎ አሰብኩ። ለትምህርት ማስረጃዎ ሙሉ ሠላሳ ሰጠሁ። ለአገልግሎት፣ ሜዳ የረገጡት ሁለት ቀን ስለሆነ፣ ሁለት። ለሥነ ምግባር፣ ስለ ይሉኝታ፣ ዐሥር። አርባ ሁለት ሆነ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ የቀረው ቁመትዎ ነው። አዲሱን ሙሉ ልብስዎን የሚሰፋው ደጀኔ ስለሆነ ልክዎ በደብተሩ አለ፤ ዛሬ ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኩት። «የደንበኛ ልክ ለሰው አይነገርም፣ መምህር» አለኝ። ደብተሩን ዘጋው። የሱሪዎን እግር አስተካክሎ አጠፈና መደርደሪያው ላይ አኖረው። ከዚያ ከስፌት መኪናው ሥር የስፖርት ጫማውን በእግሩ ስቦ አወጣ፤ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። «ነገ …» ብዬ ስጀምር፣ ጫማውን እንደያዘ በሩን ዘጋብኝ።