ከኪያ ደም የሚያመልጠው

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለሚደቅሳ፣

እንዴት ነህ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? በስልክ እንደምልህ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም። ስትደውል ኪያ ካጠገቤ አትጠፋም። እሷ ፊት እንዳላለቅስ ስል ዝም እንዳልኩ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። የሥራ ባልደረባህ ዋቅሹማ ነገ ወደዚያ ስለሚመለስ ይህን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ልጃችን ታማለች። ኩላሊቷን ነው። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጉንጯ ሞላ ሞላ አለ። ልደታ ማርያም ልንሳለም ስንሄድ ያየን ሁሉ «ኪያ እንዴት አምሮባታል!» ሲለኝ እኔም አብሬ ስስቅ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ ምግብ እምቢ ብላኝ ስለነበር፣ ተመስገን ወፈረችልኝ አልኩ። አንድ ጠዋት ግን ዓይኖቿ አልገለጥ አሉ። ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

«እማዬ፣ ሽንቴ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል። እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሐኪም ቤት ከመውሰዴ በፊት ያደረግኩትን ልንገርህ። ሽንቷን በጠርሙስ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር። ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በየዓመቱ የእንቁላል ነጩን በቴስት ቲዩብ አሙቄ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ፕሮቲን የሚሆነው አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው፣ ከዚያም ተጣጥፈው ቅርጽ ሲይዙ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው፤ እሳት ቅርጹን ሲያፈርሰው እርስ በርሱ ተጣብቆ ይነጣል እላቸዋለሁ። የዚያን ቀን በእንቁላሉ ፈንታ የልጄን ሽንት አሞቅኩ። ላይ ላዩ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ ነጣ። ምናልባት ፕሮቲን ሳይሆን በአሲድ የሚሟሟ ጨው ይሆናል ብዬ አሲድ ጠብ አደረግኩበት። አልጠራም። ሚደቅሳ፣ ቲዩቡ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ውሃው ከደም ሥር እንዳይወጣ ይዞ ያቆያል። ይህን ስንት ጊዜ ፈተና ላይ ጠይቄያለሁ! የኩላሊት ወንፊት ሲላላ አልቡሚኑ በሽንት ያመልጣል፤ ውሃውም ከደም ሥር ወጥቶ ገላ ውስጥ ይጠራቀማል። አማረባት ያሉኝ ጉንጭ ውሃ ነበር። እኔ የባዮሎጂ መምህሯ ደግሞ አብሬ እስቅ ነበር።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰድኳት። ዶክተር ቤዛ የምትባል የልጆች ሐኪም አይታ መድኃኒት አዘዘችላት።

«አብዛኞቹ ልጆች በዚህ መድኃኒት በአራት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል» አለችኝ።

«የቀሩትስ?»

«ለእነሱ ከኩላሊታቸው ናሙና ወስደን እናያለን። አሁን እዚያ አንድረስ።»

እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ነኝ። በሽታ የሚከላከሉላት ፕሮቲኖችም አብረው ስለሚፈሱ ኢንፌክሽን እንዳይዛት ተጠንቀቂ ብላኛለች። ሆስፒታሉ ካለበት ከተክለ ሃይማኖት በታክሲ ስንመለስ ሰው ባሳለ ቁጥር መስኮት እከፍታለሁ፤ ተሳፋሪው ይቆጣኛል። ቤት ውስጥ ጨው ከልክያታለሁ። መድኃኒቱ ክፉኛ ያስርባታል፤ ትበላና «ምንም አይጣፍጥም» ብላ ታለቅሳለች።

ጠዋት ጠዋት ሽንቷ ውስጥ የመመርመሪያ ወረቀት እነክራለሁ። ቢጫው ወደ ጥቁር አረንጓዴ ከተለወጠ ፕሮቲኑ ብዙ ነው ማለት ነው። አሥር ቀን ሙሉ ያው ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ግን ፈዘዝ ያለ መሰለኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት፤ በሩ ጋ ወስጄ አየሁት። ዓይኔን አላመንኩትም፤ ጎረቤቴን አሚራን ጠርቼ ማሸጊያው ላይ ካሉት ቀለሞች የትኛውን ይመስላል አልኳት። ምንም ሳልነግራት ቀለል ያለውን አመለከተችኝ። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ እንዳልልህ፣ ነገ ተመልሶ ቢጠቁርስ?

ስትሄድ «ያለ አንተም መኖር አያቅተንም» ብዬሃለሁ። የተባባልነውን ሁሉ ዛሬ ማንሳት አልፈልግም። ሥራህን ጥለህ ና ብዬም አላስጨንቅህም፤ ኮንትራቱን በስንት ልፋት እንዳገኘኸው አውቃለሁ።

ትናንት ገላዋን ሳጥባት መስታወቱን ስታይ ቆይታ፣ «እማዬ፣ አባዬ ቢመጣ በዚህ ፊቴ ያውቀኛል?» አለችኝ።

«እንዴት አያውቅሽም!»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

አንተን ሳልጠይቅህ «ቅዳሜ» አልኳት።

ልደታ ማርያም ከክፉ ትሰውርህ፤ መንገድህን ታቅናልህ።

ኮከቤ