ከምሰሶው ጀርባ አልቀመጥም

እንደምን አለሽልኝ የኔ እመቤት? ባለሽበት ሰው ይውደድሽ፣ ብርዱም ይራራልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

አክስትሽ ተዳረች። አዳራሹን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ ከቤተሰቡ ውስጥ ሌላ የሚችል ስለጠፋ ተለማምጠው ወሰዱኝ። ጠረጴዛ ጎትቼ፣ ወንበር አልብሼ ስጨርስ ያ ሆዱ ቀድሞት የሚገባው አጎቴ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ።

«አንቺ ከምሰሶው ጀርባ ትሆኛለሽ። ሙሽራዋ ያለ ባል የወለደች እህት እንዳለቻት የወንዱ ወገኖች ባያዩ ይሻላል።»

«ጋሼ፣ ጠረጴዛ ስጎትትላችሁ ያለ ባል መውለዴ አላስቸገራችሁም?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

ወንበሩን ሁሉ በእጄ ሰጥተውኝ ሲያበቁ መቀመጫ ሊመርጡልኝ ያምራቸዋል! አንዱን አንስቼ ከቤተሰቡ ጠረጴዛ፣ ልክ ከሱ አጠገብ አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩ። የሙሽራው አባት «ልጆች አሉሽ?» ሲሉኝ፣ ምሳው እስኪነሳ ስላንቺ አወራኋቸው። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ሲሰሙኝ አጎቴ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ዋለ።

ሰሞኑን ደውሎ ያለቃቅስብሽ ይሆናል። በትህትና ሰላም በዪው። በኔ ስም ግን ይቅርታ እንዳትጠይቂልኝ፣ አደራ የኔ ልጅ።

የትም ግቢ፣ አንገትሽን ቀና የምታደርጊ ያድርግሽ።

እናትሽ