የጎደለች ዜሮ

ውድ እህት ዓለም፣

ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ከፍታውን ስላልነካሁት ጉልበቴ ጠረጴዛው ስር አልገባ ብሎኝ በጎን ነው የተቀመጥኩት። ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። ከሞትሽ አምስት ሳምንት ሆነሽ፤ እኔ ግን የሠራሁትን ነገር ለአንቺ ካላወራሁ የሠራሁት አይመስለኝም። የዛሬው ደግሞ ስለ አንቺ ነው።

እማዬ ደህና ናት፤ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሯል። አባዬ ጥገና ቤቱን ከፍቷል፤ የአንቺን ጠረጴዛ ግን ከመወልወል በቀር አይነካውም። እዚያ ላይ የቀረው አንድ ሥራሽ ብቻ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ። ሆስፒታል ልትገቢ ሰሞን ጠግነሽ ጨርሰሽው ነበር፤ ሳይፈተሽ ግን ቀረ።

ትናንት ራት ላይ አባዬ ነገ አስረክበዋለሁ አለ። ሳይፈተሽ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እሷ የነካችው ነገር ፍተሻ አያስፈልገውም አለኝ። ሊያከብርሽ ብሎ ነው።

ግን ምንም ነገር ሳይፈተሽ ከዚህ ደጃፍ እንዳይወጣ ያስለመድሽን አንቺ አይደለሽ? ያችን ማዞሪያ ያላትን ሳጥን የሠራሽውስ ለዚህ አይደል? «ቀጣፊዋ» ያልናት ሥራዋ መዋሸት ስለሆነ ነው። ልብሱ ወደ አንድ ጎን ሲከማች የማጠቢያው በርሜል ይንገዳገዳል። መንገዳገዱን የሚለካው ሴንሰር ይህን ከፍ ዝቅ በምትል ትንሽ ቮልቴጅ ለቦርዱ ይነግረዋል፤ ቦርዱ ሞተሩን ማቆም አለበት። ካላቆመው በርሜሉ ይነቀልና አጠገቡ የቆመውን ሰው ይመታል። ቀጣፊዋ በሴንሰሩ ቦታ ትገባና ያልተንገዳገደውን ተንገዳገደ ትላለች። ቦርዱ አምኗት ሞተሩን ካቆመ ደህና ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀጣፊዋን የሰጠሽኝ ቀን ማዞሪያውን የሬዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው አሽከረከርኩት። ለመፈተሻ የምንጠቀምበት ትንሽ ሞተር ወዲያው ቀጥ አለ፤ ደረቴን ነፋሁ። አንቺ ግን በቅጽል ስሜ እየጠራሽ እጄን ያዝሽኝ።

«በርሜል እንደ አንተ አይቸኩልም፣ ሽቦ። ቀስ ብለህ ዋሽ።»

በሁለት ሰከንድ አንዴ ወዲያና ወዲህ፣ እያንዳንዱ ካለፈው ትንሽ ከፍ እያለ፤ እንዲህ ብለሽ አሳየሽኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የጠገንሽውን ስፈትሽ አንድ ስህተት ላገኝብሽ ለፋሁ። አንድም ቀን አልቀናኝም። አንቺም «በል ለሳምንት» እያልሽ ታበሽቂኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አባዬ መኪና ሊያመጣ ሲወጣ እዚህ ብቻዬን ቀረሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጸጥታው አላስቀምጥ ሲለኝ ቦርዱን ከቀጣፊዋ ጋር አገናኘሁትና ትንሿን ሞተር አስነሳሁ። ማዞሪያውን በፍጥነት ሳወዛውዘው ሞተሩ ቆመ። እንደገና አስነስቼ ቀስ ብዬ ዋሸሁ። አልቆመም። ጨመርኩ። የማዞሪያው ጠቋሚ እስከ መጨረሻው እየሄደ ሲመለስ ሞተሩ ምንም እንዳልሰማ ይሽከረከራል።

ስህተቱ የእኔ መስሎኝ ሽቦዎቹን ነቅዬ ሰካሁ። ያው ነው። የቦርዱን ክዳን ከፍቼ በማጉያ መነጽርሽ አየሁ። ንድፉ ላይ መቶ የሚል ካፓሲተር ባለበት ቦታ አሥር የሚል ገብቷል። አንድ ዜሮ። አሥሩ ፈጣኑን መወዛወዝ ያሳልፋል፣ ዝግተኛውን ውጦ ያስቀራል። ለካ ይህን በጠገንሽበት ሳምንት ዓይንሽ እየደከመ እንደነበር ለማንም አልነገርሽም።

ስህተትሽን ያገኘሁ ቀን እንዴት እንደምጨፍር ስንት ጊዜ አስቤው ነበር። አልጨፈርኩም። የመጨረሻ ሥራሽ ነውና እንከን እንዳይወጣበት፣ አባዬ ሳይመጣ ቀይሬ ልዝጋው ብዬ መበየጃውን አጋልኩ። አሥሩን ነቅዬ እጄ ላይ እንደያዝኩ አባዬ ገባ።

አቧራ እያራገፍኩ ነው ልለው ነበር፤ ግን እውነቱን ነገርኩት። ካፓሲተሩን ከእጄ ወስዶ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ለረጅም ጊዜ አየው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መሰለኝ። ሲዞር እንባው ወርዷል፤ ግን እየሳቀ ነው።

«እኔ አባቷ ሆኜ አንድም ስህተት አላገኘሁባትም» አለ። ከዚያ ካፓሲተሩን እያገላበጠ፣ «እኔ እኮ ቦርዱን እንዲሁ ልወስደው ነበር።»

መቶውን በየድኩ። እሱ ማዞሪያውን ያዘ፣ እኔ ሰከንድ ቆጠርኩለት። አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ ሞተሩ ቆመ።

ማጠቢያ ቤቱ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴትዮ፣ በርሜሉ አንዴ ካስደነገጣት ወዲህ ሦስት እርምጃ ርቃ ነው የምትቆመው። ቦርዱን ገጥመን ስንጨርስ ማን እንደጠገነው ጠየቀች። አባዬ እኔን አየኝ።

«እህቴና እኔ» አልኳት። «እሱ ፈትሾታል።»

አንሶላዎቹን አስገብታ አስነሳችው፤ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ቀረብ ብላ ጎኗን ማሽኑ ላይ አስደገፈችና ቀድመው የደረቁትን ማጣጠፍ ጀመረች።

ወንድምሽ
ሽቦ