የአቶ ዘለቀ አውሬዎች

ሰኞ

ልብሴን ሁለቴ አጠብኩት፤ ሽታው አልለቅም አለ። የበሰበሰ ዓሣ፣ ሽንት፣ ሳይቀየር የከረመ ውኃ። አቶ ዘለቀ ከሆቴላቸው ጓሮ ያጠሩትን ግቢ «መካነ እንስሳ» ይሉታል። በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ሁለት አዞዎች፣ በፍርግርግ ውስጥ አንድ ጅብና አንዲት ዝንጀሮ። በቃ። ለምግብ አዳራሹ ግድግዳ ትልልቅ ፎቶ አንሺልኝ ብለው ሲጠሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬ ሰርግና ክርስትና ነው፤ አውሬ አንስቼ አላውቅም።

ሁሉም ተኝተው ዋሉ። በዚህ በሲቀላ ሰፈር ሙቀት ማን አይተኛም? አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው እንደ ግንድ ተጋድመዋል። ጅቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ያነሳሁትን ሳሳያቸው አቶ ዘለቀ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሬሳ? የሚዘል፣ የሚናከስ ነው የምፈልገው!»

ነገ እንዲንቀሳቀሱ እናደርጋለን አሉኝ። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ

እንዴት እንደሆነ አየሁ። ጠባቂው ቶማ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ይዞ መጣና አንደኛውን አዞ ከዓይኑ ሥር ወጋ ወጋ አደረገው። ከዚያ ዶሮ አመጡ። በሕይወት ያለች፣ እግሯ በሲባጎ የታሰረ። ከዘንጉ ጫፍ አስረው ከውኃው በላይ አንጠለጠሏት። እንግዶች ቢራቸውን እንደያዙ ከበረንዳ ወርደው ከበቡን። አንዱ ሕፃን ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «እየው! እየው!» ይለዋል። ዶሮዋ ስትጮኽ እነሱ ይስቃሉ።

እኔም አነሳሁ። ጣቴ አላቆመም። አዞው ከውኃው ሲወረወር፣ ጥርሱ፣ የተዘረጋው ክንፍ፣ የሚረጨው ውኃ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አየሁት። ያምራል። ማማሩ ነው ያስጠላኝ። ከጥግ የቶማ ዘንግ፣ ከኋላ ደግሞ የሚስቁት ሰዎች ጥርስ ይታያል።

ረቡዕ

ዛሬ የዝንጀሮዋ ተራ ነበር። ወገቧ የታሰረበት ሽቦ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። መግል። ዝንብ። ስጽፈው እንኳ ይዘገንነኛል። አቶ ዘለቀ ራሳቸው የቢራ ጠርሙስ በፍርግርጉ አቀበሏት። ለምዳዋለች፤ በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው። ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

«ይኸው እስክስታ! አንሺ እንጂ!»

ጥቂት አነሳሁና ካሜራዬን አወረድኩ። «ጋሼ፣ ቁስሏን አይተውታል?» አልኳቸው።

«እሱን በኮምፒውተር ታጠፊዋለሽ።»

በኋላ ቶማን ለብቻው አገኘሁት። የኦቾሎ ሰው ነው፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው፤ ሴቷን ዝንጀሮ «እሱ» ነው የሚላት። «እህቴ፣ እኔም ደስ አይለኝም። ሽቦውን ልፈታለት ስል ነከሰኝ» ብሎ ክንዱን አሳየኝ። «እንቢ ብል ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። ያ ሰው ውኃም ላይሰጠው ይችላል።»

ዘንጉን የያዘው እሱ ነው፤ ካሜራውን የያዝኩት ደግሞ እኔ።

ሐሙስ

እህቴ ብርቱካን ፎቶዎቹን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «እንዲህ እንዳለ ልትሰጪያቸው ነው?»

አዎ። ቁስሉን አላጠፋሁም። ዘንጉን አልቆረጥኩም። የሚስቁትንም አልነካሁም። በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ሲያዩት ያፍራሉ ብዬ ነበር።

ወደዱት! «ይሄ ነው ፎቶ ማለት!» ብለው እዚያው መዶሻ አስመጡ። ዶሮዋ በአዞ አፍ ውስጥ ሆና ከእጅ መታጠቢያው በላይ ተሰቀለች። ዝንጀሮዋ ከነመግሏ መሃለኛው ግድግዳ ላይ። ስምሽን ከሥሩ እንጻፈው ወይ አሉኝ። እባክዎ ይቅር አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጁን አስቁሜ አስፋልት ዳር አስመለስኩ። ሾፌሩ ወባ ነው ብሎ ክሊኒክ ካላደረስኩሽ አለ።

ቅዳሜ

ቶማ ደወለ። ይሳቅ ይፍራ አልገባኝም። ትናንት ሰው ዓሣ ጉላሽ አዝዞ ቀና ሲል መግሉን ያያል፤ ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል። አንዲት እናት «እዚህ ሥር አልበላም» ብላ ልጆቿን ይዛ ወጣች። አቶ ዘለቀ ግን ፎቶውን አላወርድም አሉ።

ዛሬ ደግሞ ሁለት የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ምሳ ሊበሉ ገቡ። ከዝንጀሮዋ ፎቶ ፊት ቆመው «ይሄ የት ነው የተነሳው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ዘለቀ ደረታቸውን ነፍተው «የራሴ ናት! እዚሁ ጓሮ!» ብለው እየመሩ ወሰዷቸው። ፈቃድ ሲጠየቁ ነው የነቁት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ያቺን ዶሮ አስታወስኩና ተውኩት።

እሑድ

ከጸሎት ቤት መልስ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። የባለሙያዎቹ ፒክአፕ ቆሟል። አቶ ዘለቀ ገና ሲያዩኝ «አንቺ ነሽ ያስበላሽኝ!» ብለው ጮኹብኝ። የሰቀሉትስ ራሳቸው ናቸው። ግን አልተከራከርኩም፤ ክሱ ደስ ብሎኛል።

አብሯቸው የመጣው የእንስሳት ሐኪም ዝንጀሮዋን በመርፌ አስተኝቶ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠው። ሲላቀቅ የወጣው ሽታ ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ቶማ ብቻ አልሸሸም፤ ጭንቅላቷን ደግፎ ይዞ በጋሞኛ ያናግራታል።

«ትድናለች?» አልኩት ሐኪሙን።

«ቁስሉ ይድናል። መጠጡ ምን እንዳደረጋት ግን አላውቅም።»

ጅቡንም ጫኑት። ለአዞዎቹ የሚሆን መኪና ስላልተገኘ ቀሩ፤ በሳምንቱ ውስጥ ተባለ። ለጊዜው ዝንጀሮዋ ባለሙያዎቹ ግቢ ትቆያለች። ግቢያቸውን አላውቀውም። እዚያም ፍርግርግ አለ፣ እዚያም ጠባቂ አለ። ምን ዓይነት ሰው ይሆን? ቢያንስ ሽቦው ወጥቶላታል። ነገ ሄጄ አያታለሁ፣ ካስገቡኝ።