ሐሙስ እስኪደርስ የሚያልቁብን ጥንብ አንሳዎች

ለተከበሩ የከተማችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ዕቅድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደ ስብሰባ አዳራሽዎ ወንበር የማይነቃነቅ፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ በሰላም የሚያድር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በየሳምንቱ በጋዜጣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ፀጉር ቤት ወሬ የምጽፍ ሴት ነኝ፤ ስለ ጥንብ አንሳ እጽፋለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። ነገር ግን የእኅቴ ባል የቄራው ዘበኛ ስለሆነ፣ እኅቴም የሆዷን ለእኔ ካላራገፈች እንቅልፍ ስለማይወስዳት፣ ጉዳዩ ሳልጠራው ቤቴ ገባ።

አስቀድሜ ስለ አምስት ዓመቱ የጥንብ አንሳ ጥበቃ ዕቅድ አመሰግናለሁ። ስልሳ አራት ገጽ ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ። ለዝግጅቱ ሦስት አውደ ጥናት መካሄዱን፣ በሦስቱም ላይ ወፎቹ «ዋና ባለድርሻ» ተብለው መጠራታቸውን ስሰማ ኮርቼላቸዋለሁ። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ጥቃቅን ቅሬታዎች ይህን ሁሉ ድካም ለማሳነስ እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

፩. ዕቅዱ ከቄራው ጀርባ ባሉት ባሕር ዛፎች ላይ አርባ አንድ ጥንብ አንሳ አለ ይላል። በእውነት ነበሩ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት። የእኅቴ ባል በየማለዳው፣ ፈረቃውን ከማስረከቡ በፊት፣ ቀና ብሎ ይቆጥራቸውና በልጁ አሮጌ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ በዚህ ልማዱ ሰፈሩ «ቆጣሪው» ይለዋል። ባለፈው ሰኞ የቆጠረው ሰባት ነው፤ አንደኛዋ ጎጆ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጫጩት አለች። ደብተሩን ይዞ ቢሮዎ ቢመጣ፣ ማህተም ስለሌለው መረጃ ሊባል እንደማይችል በትሕትና ተነግሮት ተመለሰ። ስለ ትሕትናው እናመሰግናለን። የሞቱትም ቢያንስ በወረቀት ላይ በሕይወት ስላሉ ይጽናናሉ።

፪. ከቢሮዎ በታች፣ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ የጽዳት ክፍሉ አለ። በወር አንድ ማክሰኞ ማታ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ የተቀባ ሥጋ ይበትናል። ቀድሞ ሥጋውን የበተኑት ሠራተኞች ራሳቸው በማግስቱ ገና ሲነጋጋ የሞቱትን ሰብስበው ይቀብሩ ነበር። አሁን በአዲሱ መዋቅር መበተኑ የጽዳት፣ ማንሳቱ የመኪና ስምሪት ክፍል ሆነ፤ የስምሪት መኪና ደግሞ የሚወጣው ሐሙስ ነው። ስለዚህ የሞተው ውሻ ረቡዕን ሙሉ ሜዳ ላይ ይውላል። ጥንብ አንሳ መዋቅር አያነብም፤ ይወርዳል፣ ይበላል፣ ዛፉ ጋ ሳይመለስ ይወድቃል። ወፎቹ ባለቁ ቁጥር የቄራው ትርፍራፊ ይከመራል፤ ትርፍራፊው ውሻ ይጠራል፤ ውሻው መርዝ ይጠራል። አማቴ እንኳ፣ ለወፍ ዘር ደንታ የሌላት ሴት፣ መልካቸው አያምርም እንጂ ሽታውን ይዘውልን የነበሩት ለካ እነሱ ናቸው ብላ መስኮቷን ዘግታለች።

፫. ባለፈው ወር፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ቆጣሪው ከፈረቃው ሲወጣ አላስቻለውም። የቄራውን የእጅ ጋሪ እየገፋ አራት የሞቱ ውሾች አንስቶ ቀበረ። በዚያ ወር አንድም ወፍ አልሞተም። ለውለታው፣ ከሥራ ድርሻው ውጪ የከተማውን ንብረት አንቀሳቅሷል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ቢደግመው ከሥራ ይሰናበታል። ንብረት የተባለው ጋሪው ይሁን ውሾቹ አልተብራራም። ግልባጩ ለእርስዎ ኮሚቴ መሆኑን አይተን፣ በመጨረሻ ስለ ጥንብ አንሳዎቹ አንድ ነገር ጠረጴዛዎ ላይ በመድረሱ ተደስተናል። እኅቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። እሱ ግን ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «እኔ ሞት አነሳሁ እንጂ ምን ወሰድሁ?» መልሱን ስላላወቅሁት ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ጥያቄያችን ስልሳ አራት ገጽ አይፈጅም። መርዙ ይቅር ማለት እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብን ፈርተን የጠየቅነው ትንሹን ነው፤ የሞቱት ውሾች ረቡዕ ማለዳ ይነሱ። አሥራ ስምንት ደረጃ ወርደው ይህን ለምድር ቤቱ ቢነግሩልን ይበቃናል። ዕቅዱ ጉዳዩን «የክፍሎች ቅንጅት» ብሎ ለሁለተኛው ዓመት ሦስተኛ ሩብ ቀጥሮታል። የሚቀጥለው መርዝ ግን የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ ጫጩቷም ገና መብረር አልቻለችም። ወላጆቿ ሊገጥማቸው የሚችለውን እያሰብኩ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ እንዳንሆን እሰጋለሁ።

ለተቀመጡበት ከፍታ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ እየሰጠሁ፣ ቃለ ጉባኤዎ እንዲሰምር፣ ምልዓተ ጉባኤዎ እንዳይጎድል የምመኝልዎ፣

የቆጣሪው ሚስት እኅት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ረቡዕ ማለዳ ቆጣሪው ከቤቱ አይወጣም፤ እኅቴ ልጆቿን አስባ በሩን ልትቆልፍበት ወስናለች። ውሾቹን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ከአትክልት ሻጯ ጎረቤቴ ጋሪ ተውሻለሁና የከተማውን ንብረት አልነካም። ሻሽ ያሰረች ጎልማሳ ሴት የሞተ ውሻ በአደባባይ ስትጎትት መታየቷ ለከተማችን ገጽታ የማያምር መሆኑ ይገባኛል። ሊያስቀሩኝ ከፈለጉ ቀላል ነው፤ ቀድመውኝ ያንሷቸው።