አምስተኛዋ፦ ቦታቸው ሳይዘጋ የጠበቃቸው የወይዘሮ ሚግዳልያ ፌሊስያኖ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሚግዳልያ ፌሊስያኖ ከአባታቸው ከአቶ ኤፍራይን ፌሊስያኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፕሮቪደንስያ ኮሎን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ፣ ፐርዝ አምቦይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከፖርቶ ሪኮ ተራሮች መጥተው በኬብል ፋብሪካ የሚሠሩ፣ በሥራ ቀን ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። የቀረውን እናታቸው ይናገሩት ነበር።

ወይዘሮ ሚግዳልያ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1981 ከቤተሰባቸው የመጀመሪያዋ ሆነው ኮሌጅ ገቡ። የመግቢያው ደብዳቤ በመጣ ቀን አባታቸው አራተኛ ቃል ጨምረዋል ይባላል። ቃሏ ምን እንደነበረች ግን፣ እናትየው እያወሩ ስለነበር፣ የሰማ የለም።

በኮሌጁ የሴት ተማሪዎች የእህትማማች ማኅበራት ነበሩ፤ ነጭ ዓምድ ባላቸው ቤቶች የሚኖሩ፣ በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ። ወይዘሮ ሚግዳልያ በመጀመሪያው ዓመት ወደ አንዱ ለሻይ ተጠርተው ሄዱ። «እንግሊዝኛሽ እንዴት ያምራል!» አለቻቸው በር ላይ የተቀበለቻቸው ልጅ። «ያንቺም አይከፋም» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ። ሁለተኛ አልተጠሩም።

በካፍቴሪያው ጥግ፣ ከሳህን ማጠቢያው በር አጠገብ፣ አንድ ጠረጴዛ ነበረች። የትኛውም ቤት «የኛ ናቸው» ያላላቸው ሰባት ሴቶች አንድ በአንድ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተጠራቀሙ። ለዚህ ታሪክ ከሰባቱ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ወላጆቻቸው ከፊሊፒንስ የመጡት ሊጋያ ባውቲስታ ናቸው። ሁለተኛዋ የሄይቲ ልጅ የሆኑት፣ በቁመታቸው ከሩቅ የሚታወቁት ሮዝሞንድ ሴራፊን ናቸው። ሰባቱ በ1982 መኸር ላይ ዘርና ቋንቋ ሳይጠየቅ ማንኛዋም ሴት የምትገባበትን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በሦስት የግሪክ ፊደላት ይጠራል። ያልተሻገረ ሰው ፊደላቱን በእጁ እንዲጽፍ ስለማይፈቀድ እዚህ አልሰፈሩም፤ ማወቅ የፈለገ ዛሬ በር ላይ ከቆሙት ሴቶች ጃኬት ጀርባ ያንብብ።

መሻገር ማለት በእነሱ ዘንድ አባል መሆን ነው። ሴቶቹ ከአጭር ወደ ረጅም ይሰለፋሉ። እያንዳንዷ ቀኝ እጇን ከፊቷ በቆመችው ትከሻ ላይ ታሳርፋለች፤ የቆመችበት ተራም ዕድሜዋን ሙሉ መጠሪያዋ ይሆናል። ከዚያም የራሷንና የእህቶቿን ሁሉ አያቶች፣ ከየአንዳንዷ አንዲት፣ ከነመንደራቸው፣ በየአገሩ አነጋገር፣ ማንም ሳያስታውሳት ትጠራለች። አያቷን የማያውቁላትን ሴት እህት ብሎ መጥራት ልማድ ብቻ ነው ይላሉ። ሊጋያ አራተኛ፣ ወይዘሮ ሚግዳልያ አምስተኛ፣ ሮዝሞንድ ስድስተኛ ሆነው ክረምቱን ሙሉ አጠኑ።

በኤፕሪል 1983፣ ሊሻገሩ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው፣ አቶ ኤፍራይን በሥራ ቦታቸው በስትሮክ ወደቁ። እናትየው ፋብሪካ ገቡ፤ አራት ታናናሾችና አንድ የማይንቀሳቀስ አባት ለታላቂቱ ቀሩ። ወይዘሮ ሚግዳልያ ጃኬታቸውን በካፍቴሪያው ወንበር ላይ ሰቅለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንንም አልተሰናበቱም። «ብሰናበት ኖሮ አልሄድም ነበር» ብለዋል ከብዙ ዓመት በኋላ።

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ያቋረጠች ሴት ቦታዋ ይዘጋል፣ ከኋላዋ ያለችው ወደፊት ትጠጋለች። በመሻገሪያው ቀን ሮዝሞንድ አልተጠጉም።

«ቅረቢ እንጂ!» አሏቸው ከፊት።

«ተይዟል።»

«በማን?»

«በሷ።»

«የለችም እኮ፣ ሮዝ።»

«ቦታው ተይዟል ነው ያልኩት። አለች አላልኩም።»

ሮዝሞንድ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ቀኝ እጃቸውን ማንም በሌለበት ትከሻ ልክ አየር ላይ ዘርግተው ቆሙ። ያዩ ሁሉ ዛሬም ድረስ ይህን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ወይዘሮ ሚግዳልያ በ1984 በከተማው የተማሪ አውቶቡሶች ማዘዣ ክፍል ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው በሬዲዮ ሾፌሮችን ሲመሩ ኖሩ። ትዳራቸውም በዚያው ሬዲዮ ነው የተጀመረው። አቶ ዊልፍሬዶ አያላ የተባሉ አዲስ ሾፌር መንገድ ጠፋቸው።

«የት ነህ?»

«እንጃ።»

«ምን ይታይሃል?»

«ዳቦ ቤት።»

«ይዘህልን ና።»

በ1988 ተጋቡ፤ ኖኤሚንና ኤፍራይን ትንሹን ወለዱ። በማታ ትምህርትም ተመዝግበው በ2001 ዲፕሎማቸውን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት የጠየቃቸው ሁሉ «ጨርሻለሁ» ይባል ነበር። ስለ ማኅበሩ የጠየቃቸው ግን «ሩዙን አየት ላድርገው» ይባል ነበር።

ሩዙ የሚከተለው ነው። ማኅበሩ በየፀደዩ አዲሶቹን የሚያሻግርበት በዓል አለው። ወይዘሮ ሚግዳልያ ከ1986 ጀምሮ ለዚያ በዓል ሩዝ በአተርና የአሳማ ጥብስ በትልልቅ ትሪ ይዘው ይመጡ፣ ከኋላ ቆመው ያሳልፉ ነበር። መሥራቾቹ በየሥራቸው ተበትነዋል፤ ልጃገረዶቹ በየአራት ዓመቱ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ እንግዳ ሆነው ቀሩ። «ቲቲ ሚግዳ» ይሏቸው ነበር፤ አክስቴ ማለት ነው። የማን አክስት እንደሆኑ ግን እያንዳንዷ የሌላዋ እየመሰላት ጠይቃ አታውቅም።

አዲሶቹም ካዩት ተማሩ። ከአራት ቀጥሎ ስድስት ይባላል፤ ስድስተኛዋ እጇን አየር ላይ ትዘረጋለች። አምስተኛዋ ወዴት ሄደች? መጀመሪያ «ሄደች» ተባለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «አለፈች» ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። ሻማ ይበራላት ጀመር፤ ነጭ አበባም ተጨመረ፤ አንዷ ጎበዝ ደግሞ የኀዘን ንግግር ጻፈች። በአንድ ዓመት በመኪና አደጋ ሞተች፤ በሌላው በደም ካንሰር። አንድ ጊዜም ሕፃን ከባሕር ስታወጣ ሰጠመች፤ ወይዘሮ ሚግዳልያ ግን ዋና አይችሉም ነበር።

በ1994 ሮዝሞንድ ለበዓሉ በእንግድነት መጡ። ልጃገረዶቹ በሻማው ዙሪያ እየተንሰቀሰቁ፣ ሟቿ ደግሞ ትሪ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው አገኟቸው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወይዘሮ ሚግዳልያ ክንዳቸውን ቆነጠጧቸው።

«ዝም በይ። ሩዙ ይቀዘቅዛል።»

«ሞታለች እያሉሽ እኮ ነው!»

«ይበሉ። እናቴ እንኳ እንዲህ አልቅሳልኝ አታውቅም።»

«ዛሬውኑ ጨርሺና ተሻገሪ። እኔ አለሁ፣ ሊጋያን እጠራታለሁ።»

«እነዚህ ልጆች ቦታውን የያዙልኝ ሞታለች ብለው ነው። አቋርጣ የሄደች ናት ከተባለ በደንቡ ይዘጋል። ስሞቹን ስጠራ ብዘነጋስ? አንድ አያት ብትጠፋብኝስ? ቦታውም ይዘጋል፣ እኔም አልሻገርም። እንዲሁ ይቆይልኝ።»

ይቆይልኝ ያሉት ግን አልተዋቸውም። ወይዘሮ ሚግዳልያ ዕቃ ሲያጥቡ ሁልጊዜ ስሞች ያነበንቡ ነበር። ልጃቸው ኖኤሚ የቅዱሳን ስም መስሏት አደገች። ለመጀመሪያ ቁርባኗ ስትዘጋጅ ቄሱ የምታውቂያትን ቅድስት ጥሪ ቢሏት «ቅድስት ሂላሪያ ዘባታንጋስ» አለች። ቄሱ መጽሐፋቸውን አገላብጠው አጡ። ሂላሪያ የሊጋያ አያት፣ የዓሣ ነጋዴ ነበሩ።

በ2023 መጨረሻ ወይዘሮ ሚግዳልያ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ሐኪሞቹም አልደበቋቸውም። በማርች 2024 የማኅበሩ የዘንድሮ ሊቀ መንበር ዛሪያ ዊትፊልድ አበባ ይዛ ልትጠይቃቸው ቤታቸው መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ደግ ልጅ ናት።

«ቲቲ፣ ዘንድሮ በጸሎታችን ላይ ስምዎን ልንጨምር ወስነናል። ከአምስተኛዋ ቀጥሎ።»

ወይዘሮ ሚግዳልያ የተሰካላቸው መሣሪያ እስኪጮህ ሳቁ። ኖኤሚ ደንግጣ ሮጠች።

«ልጄ፣ አምስተኛዋ እኔ ነኝ» አሉ ሲበርድላቸው።

ዛሪያ አበባውን ከእጇ አስቀመጠች። «ቲቲ… እርስዎ እኮ ሞተዋል።»

«ትንሽ ታገሺ።»

ነገሩ ሲጣራ ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። «ያ ሁሉ ያለቀስነውስ?» አለች።

«አይበላሽም፤ አስቀምጡት» አሉ ወይዘሮ ሚግዳልያ። ከዚያም በዕድሜያቸው ሙሉ ለማንም ያላሉትን አሉ፦ «መሻገር ግን እፈልጋለሁ። በምሕረት አይደለም። ያቋረጥኩትን ጨርሼ። ብስት ቦታውን ዝጉት።»

ሊጋያ ከሳክራሜንቶ በአውሮፕላን መጡ፤ ሮዝሞንድ ከብሩክሊን። ሌሎቹ አራትም ተጠራርተው ደረሱ፤ አንዷ ጉልበታቸውን ተሠርተው ስለነበር በክራንች ነው። አዲሶቹ ልጃገረዶች ቤቱን እስከ ደረጃው ድረስ ሞሉት። ወይዘሮ ሚግዳልያ በወንበር ላይ ሆነው ያድርጉት ቢባሉ «ተቀምጦ ሰልፍ የለም» ብለው ተነሡ። የመኝታ ቤቱ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ሰባት ሴቶች ከአጭር ወደ ረጅም ቆሙበት። ወይዘሮ ሚግዳልያ እጃቸውን በሊጋያ ትከሻ ላይ አሳረፉ። ሮዝሞንድ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ በአየር የቆየውን እጃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ትከሻ አገኘ።

«ደክሞኝ ነበር» አሉ። 

ወይዘሮ ሚግዳልያ መጥራት ጀመሩ። ሂላሪያ ከባታንጋስ። ሴልያኒዝ፣ የሮዝሞንድ አያት፣ ከዣክሜል። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዷ በአገሯ ድምፅ፣ ስድስቱን አያቶች ጨረሱ። ከዚያም ቆሙ። የራሳቸው አያት ስም ጠፋቸው። በዕቃ ማጠቢያው ላይ ለዓመታት ያጠኑት የእህቶቻቸውን ነው፤ የራሴ ይጠፋኛል ብሎ የሚያጠና ሰው የለም። በዚያ መተላለፊያ የነበሩት ልጃገረዶች ሁሉ ስሙን ያውቁት ነበር። የሟቿ የአምስተኛዋ አያት ስለሆኑ በየዓመቱ ከመሥራቾቹ አያቶች ስም ከሁሉ አስበልጠው የሚጠሩት እሱን ነው። ዛሪያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኖኤሚ ከበሩ ሥር «ማሚ—» ብላ ስትጀምር ከሰልፉ «እንዳትነግሪያት!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ማንም አይንገረኝ» አሉ ወይዘሮ ሚግዳልያ ዐይናቸውን ሳይመልሱ። «የገዛ አያቴ ናት። ትመጣለች።»

ጠበቋት። ከሊጋያ ትከሻ በቀር የሚደገፉት አልነበረም። 

«ቶማሳ» አሉ። «ቶማሳ ከኦሮኮቪስ።»

ልጃገረዶቹ በማኅበራቸው ልማድ ወለሉን በእግራቸው መቱት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት አቶ ኮቫልስኪ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን አንኳኩ፤ ነገሩ ሲነገራቸው ግን ወጥተው መጡ፤ በካልሲያቸውም መቱት። ሊጋያም ከ1983 ጀምሮ ከቤት ቤት ሲያዞሩት የኖሩትን ጃኬት አመጡ። ለወይዘሮ ሚግዳልያ በጣም ሰፍቷቸው ነበር። አላወለቁትም።

ዛሪያ ስለ ሻማው ጠየቀቻቸው። «ዘንድሮ አታብሩት» አሏት። «ዘንድሮ አለሁ። ከርሞ ታበሩታላችሁ፤ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።» ቦታው ይዘጋ እንደሆነም ሲጠየቁ፣ አሁን የእህቶቻቸው ጉዳይ እንደሆነ መለሱ። በኤፕሪሉ በዓል ላይ ከአራት ቀጥሎ አምስት ተባለ። አምስተኛዋ ሆና የቆመችው ልጅ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ ከቬትናም ናቸው። ከኋላዋ የቆመችው ትከሻዋን በጣም አጥብቃ ይዛት ስለነበር ምልክቱ ለቀናት አልጠፋም ብላ በኩራት ታሳያለች።

ወይዘሮ ሚግዳልያ ፌሊስያኖ ጁን 11 ቀን 2024 በተወለዱ በ60 ዓመታቸው በቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ባለቤታቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ጃኬቱ በላያቸው ነው፤ እንዳይወልቅ አዘዋል። ባለቤታቸው አቶ ዊልፍሬዶ አያላ፣ ልጆቻቸው ኖኤሚና ኤፍራይን፣ ከመሻገራቸው በኋላ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው ቶማሳ፣ አራት ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም በደም ያልተገኙ ስድስት እህቶችና ስማቸውን ሁሉ ቤተሰቡ ገና ለማወቅ የሚጥር ብዙ ሴቶች ከኋላቸው ቀርተዋል።

ይህ ንባብ ሲያበቃ እባካችሁ ከወንበራችሁ አትነሡ፤ አስቀድሞ ሰልፉ ያልፋል። ሳጥኑ ከሊጋያ ኋላና ከሮዝሞንድ ፊት ይሄዳል፤ የሮዝሞንድም እጅ በላዩ ያርፋል። በአዳራሹ ሩዝ ተዘጋጅቷል፤ የሠሩት ልጃገረዶቹ ናቸው፣ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ቻሏቸው።

በምድር ቦታቸውን ሳይዘጋ ያቆየላቸው አምላክ፣ በእርሱም ዘንድ ክፍት ሆኖ የሚጠብቃቸውን ቦታ ያድላቸው። ሂላሪያ፣ ሴልያኒዝ፣ ቶማሳና ሌሎቹም አያቶች በየድምፃቸው በስማቸው ጠርተው ይቀበሏቸው። አሜን።