ነጩ ግልገል ሳይጠቁር

አባዬ፣

ሁለት ረመዳን ያለ አንተ ጾምን። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሁለተኛው ተናደድኩ። ዛሬም አላረፍኩም፤ ይህን የምጽፍልህ ቆሜ፣ ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ ነው።

እናቴ ደህና ናት። ኮትህን ለብሳ ከሚሴ ገበያ ትወርዳለች፤ ኪሱ ውስጥ የተውከውን መፋቂያ እስካሁን አላወጣችውም። ባጃጅ እስከ ኮረብታው ግርጌ መምጣት ጀምሯል። ጉሬዛዎቹ መጀመሪያ ድምፁን ሲሰሙ ወደ ላይኛው ዋርካ ሸሹ፤ አሁን ለምደውታል። እኔ አልለመድኩትም።

የወረዳው ቢሮ ሰዎች የደን ጥበቃ ሥራህን ለወንድምህ ልጅ ለሰይድ ሰጡት። እኔም አመልክቼ ነበር። ባዮሎጂ ተምሬ መመረቄን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከላይኛው ዋርካ ሥር ከጎንህ ተቀምጬ ጉሬዛ ስቆጥር ማደጌን ጽፌ አስገባሁ። ወረቀቱን እንኳ ሳይገልጡ «ሴት ልጅ ብቻዋን ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

ያ ብቻ ቢሆን በዋጥኩት። ሰይድ ግን በሪፖርቱ ላይ ጉሬዛዎቹ መውለድ እንዳቆሙ፣ አንድ የማይታወቅ ነጭ ጦጣም እንደተቀላቀላቸው ጻፈ። አባዬ፣ ሳቅህ ተሰማኝ! ጉሬዛ ነጭ ሆኖ ተወልዶ ቀስ እያለ እንደሚጠቁር ያስተማርከኝ ገና ማንበብ ሳልችል ነው። የመጀመሪያውን ሳይ ሽማግሌ ሆኖ የተወለደ መስሎኝ አለቀስኩ። አፌን በመዳፍህ ይዘህ፣ «ዝም በይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናቶቹ ሲቀባበሉት እዪ» አልከኝ።

ሳቁ አልቆየም። ደኑ ለእንስሳቱ አልሆነም ካሉ በኋላ፣ ከመቃብሩ በላይ ያሉት ዛፎች ተቆርጠው ቦታው የከብት ማቆያ እንዲሆን ለስብሰባ አቀረቡት። አንተ የተኛህበትን ጥላ ነው የሚቆርጡት።

ስብሰባውን አንዴ አራዘሙት፣ ሁለቴ አራዘሙት። ሰይድ ጦጣ ያለው ነጩ ግልገል ግን አይጠብቅም። በየማለዳው በተሰነጠቀው የሩቅ ማያ መነጽርህ ጀርባውን አያለሁ፤ ግራጫው ይጨምራል። ከጠቆረ በኋላ ማን ያምነኛል?

ሦስተኛውን ቀጠሮ አልጠበቅኩም። ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊዱ ደጅ ቆሜ ሽማግሌዎቹን ያዝኳቸው። ሰይድ «ወደ ቤት ግቢ፣ አታዋርጂን!» አለኝ። «ና፣ ከጦጣህ ጋር ላስተዋውቅህ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እየሳቁ ተከተሉኝ።

ሴት መቃብር አትገባም፤ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ መነጽርህን ሰጠኋቸው። አንዲት ጥቁር ጉሬዛ ያንን «የማይታወቅ ጦጣ» አቅፋ ታጠባለች። ጠግቦ ሲያበቃ ለጎረቤቷ አቀበለችው፤ እሱም ጮኸ። ትልቁ ሽማግሌ «ሱብሃነላህ! ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ ሳልፍ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም» አሉና መነጽሩን ለሰይድ ዘረጉለት። ሰይድ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ መነጽሩን በአጥሩ ላይ አሻግሮ መለሰልኝ።

ዛፎቹ አይቆረጡም ተባለ። ሥራው ግን አሁንም የሰይድ ነው። በማግስቱ ቢሮ ጠርተውኝ፣ ሪፖርቱን እኔ እንድጽፍ፣ ሰይድ እንዲፈርምበት ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። እኔ የጻፍኩትን እኔ እፈርማለሁ፤ ካልሆነ ራሱ ይቁጠር።

እስከ ራስጌህ መምጣት አልችልም። ከአጥሩ ማዶ ግን ማንም አያነሳኝም። ዛሬ ጠዋት ግልገሉን ከሌሎቹ መለየት አስቸገረኝ፤ ነገ ለሚያየው ሰው እንደ ማንኛውም ጉሬዛ ነው። ነጭ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አንተም ከዚያ ዋርካ ሥር ትቀመጥ እንደነበር አውቃለሁ። ማንም ባይጠይቀኝም ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ ከታችም የራሴን ስም አኖራለሁ።

ልጅህ፣ ያንተ ኢንተላ፣
ዘሀራ